ሃያ ሦስት

ስም የላትም፤ ቁጥር ናት። መንገዱን የቀየሱት
በነጭ ቀለም ጽፈው፣ ድንጋይ ላይ የተዉት፤
ከአዳማ ሃያ ሦስት። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ
ሰው ሠፈረ፤ ሻይ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ጨርቃጨርቅ።
ጎሚስታው አባቴ ነው። ነበር። አሁን እኔ ነኝ፤
ጎማ ስፈታ ነው ይህ ሁሉ የሚታየኝ።

ተሳቢ መኪና ከጂቡቲ ሲመጣ
ሾፌሩ ይወርዳል፣ ሻይ በጥድፊያ ሊጠጣ፤
«እንዴት ነው የምትኖሩት?» ይለኛል ዙሪያውን አይቶ፣
መልስ ሳልሰጠው ይሄዳል፣ ጥሩምባውን ነፍቶ።
አንተ ግን ትቆያለህ፤ ልንገርህማ፣
ጊዜ ሞልቶሃል ዛሬ፤ ተንፍሷል የኋላ ጎማ።

ሜዳ ነው፤ ዓይን ሲሮጥ የሚያደናቅፈው የለም፣
አንድ ግራር፣ አንድ አንቴና፤ ከዚያ ቦሰት፤ ከዚያ ዓለም።
የሁላችንም ሳል በግድግዳ ይታወቃል፣
ማን ሲያስል እንዳደረ ሲነጋ ይጠየቃል።
«መብራትህ አመሸ» ይሉኛል፣ በግ ነጂው ሳይቀር፣
የምበደረውን ብድር ከባንኩ በፊት ያውቃል መንደር።
ዋቅጅራ ወፍጮ ቤት ሰው ክርክር ያስፈጫል፣
ዱቄቱ ቅንድብ ላይ፣ ወሬው ጆሮ ላይ ይቀመጣል።

ሚያዝያ ላይ አውሎ ነፋስ ቆርቆሮ ይነቅላል፣
ዝገቱን አይቶ ሰው «የኑርሁሴን ነው» ይላል፤
ተሸክሞ ይመልሳል። ተጣልተውም ቢሆን። ዝም ብሎ
አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ድንጋይ በላዩ ጥሎ።

ኦብሴ ልጇ ከሪያድ የብረት በር አሠርታላት
ሰማያዊ በር ቆሟል፤ ግድግዳው ነው የጎደላት፤
እሷ ግን ማታ ማታ በቁልፍ ትዘጋዋለች፣
ባዶ ሜዳ ላይ ቆማ፣ «ስትመጣ ታንኳኳለች» ትላለች።

ማትሪክ ያለፈ ሄደ፤ የወደቀም አልቆየ፤
ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፤ ግን ማን ተመልሶ ታየ?
ከክፍላችን የቀረነው እኔና ለሊሴ፣
እሷ በነጭ ጠመኔ፣ እኔ በግራሶ ልብሴ።

ባቡሩ በዚያ ያልፋል፣ በቀን አንዴ፣
አይቶ እንዳላየ አልፎኝ እንደሚሄድ ሀብታም ዘመዴ።
አንድ ቀን ግን ቆመ።
መብራት ጠፍቶበት ይሁን፣
ግመል ሐዲድ ላይ ወጥታ፣ ዛሬም አላወቅን።
አርባ ደቂቃ ሙሉ! ትምህርት ቤቱ ተለቀቀ፣
የወፍጮው ሞተር ጠፋ፣ ሰው ከሐዲዱ ዳር ዘለቀ።
ኑርሁሴን በቆሎ ጠበሰ፤ መስኮቱ ግን አይከፈት፣
በመስታወት አሳያቸው፤ እነሱም አዩት በትዕግሥት።
በር ተከፈተ፤ አንድ ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ
«ያገሩ ስም ማነው?» አለን፣ ኔትወርክ ቢያጣ ተቆጥቶ።
«ሃያ ሦስት!» አልን ባንዴ፣ ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ።
«ስም ነው እንጂ የጠየቅኩት» ቢል፣ ሳቁ ከኋላው ያሉ።

ለሊሴ ጠመኔ አደለች። ልጆቹ በባቡሩ ጎን
ጻፉት፣ የሞቱትንም ጨምረው፣ ያለ ወረፋ፣ ስማችንን፤
ዋቅጅራ፣ ኦብሴ፣ ብርቄ፣ ኑርሁሴን፣ የደሜ አባት፤
የእኔ ከታች ነበረ፤ በእጅ ጽሑፏ አወቅኋት።
ባቡሩ ተነቃነቀ፤ ስማችንን ይዞ ነጎደ፣
በመንገድ ካልዘነበበት እስከ ባሕር ድረስ ወረደ።

የሰርግ፣ የሞት ቀን ስንቆጥር፣ «ባቡሩ ከመቆሙ በፊት»፣
«ከቆመ በሁለት ዓመቱ»። አትሳቅ። የለንም ሌላ ቤተ መዛግብት።

ማታ ለሊሴ ስታልፍ፣ እጄ ግራሶ ስለሆነ
አንጓዬን እዘረጋለሁ፤ የእሷም በጠመኔ የተሸፈነ፣
አንጓዋን ትሰጠኛለች። አጥንት ካጥንት። ላፍታ።
ከዚያ ወደ ቤቷ፤ መንደሩ ሲያይ በዝምታ።

ይኸው፣ ጎማህ ደረሰ። ውሃ ውስጥ ነክሬ አይቸዋለሁ፣
አይተነፍስም፤ ብሎኑን በእጄ አጥብቄዋለሁ።
ሂድ በል። ድንጋዩ ጋ ቀስ በል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤
ሦስቱን ዝናብ ወስዶብን፣ አሁን «ሃያ» ብቻ ይላል።