ገቢ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሰንደቅ ሲሰቀል፣
ዘበኛው አብዱረዛቅ ከወንበሩ ይነሳል፣
ኮፍያውን አውልቆ «መምህር፣ ሰላም አደሩ?» ይላል።
እኔም ጋዋኔን ቆልፌ፣ ጠመኔዬን በኪሴ፣
ዘጠነኛ «ሀ» እገባለሁ፣ ቀና ብሎ ራሴ።

ሰሞኑን ትምህርቱ ስለ ሰበቃ ነው፦
ጎማና አስፋልት፣ ጫማና መሬት፣
ተፋትገው ተፋትገው ሙቀት የሚወልዱበት፣
ግን ደግሞ ባይፋተጉ
ማንም ካለበት ንቅንቅ የማይልበት።
«ልብ በሉ!» እላለሁ፤ አመሌ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ጥቁር ሰሌዳውን በመዳፌ እየመታሁት።

ከሰዓት ድሬ ታሸልባለች።
ሱቁ ተዘግቶ፣ ፍየሉ ጥላ ሲቃርም፣
ደመወዜን አስባለሁ፤ ሂሳቡ ብዙ አያደክምም፣
ከወሩ በሃያ አራት ገብቶ፣ በሃያ ዘጠኝ የለም።
ግማሹ ለቤት ኪራይ፣ ሩቡ ለዱቤ ሱቅ፣
የቀረው የደቻቱ ውሃ ነው፣ መጣ ሲሉት የሚደርቅ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲሰበር፣
እመለሳለሁ እዚያው፣ እዚያው ትምህርት ቤት በር።
ጋዋኑ በፌስታል፣ ሽርጥ በአንገቴ ዙሪያ፣
አብዱረዛቅ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ከነማሳሰቢያ።

አዎ፣ ባጃጇ የሱ ናት።
ከአወዳይ ጫት ጭኖ፣ በእረፍት ቀኑ ሮጦ የገዛት፤
እሱንስ ዘበኝነቱ ብቻ መቼ አጠገበው?
አሁን ኮፍያው አይወልቅም። አንቱታውም ቀርቷል።
«ገቢዬ ስድስት መቶ፣ ነዳጁን አንተ ትችላለህ፣
የፊት ጎማዋ ሳስቷል፣ ቁልቁለት ላይ ታያለህ።»
«እሺ» እላለሁ፣ «እሺ»፤
አንዱ እሺ ለጎማው ነው፣
ሁለተኛው ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሳቢያን፣ ሳቢያን! አንድ ሰው የቀረ!
ከመጋላ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከዚራ፣
«አቦ ንዳው እንጂ!» ይለኛል የልጄ እኩያ፣
እኔም እነዳዋለሁ፣ ፊቴን በሽርጡ ሸፍኜ፣
የማውቀው ተሳፋሪ ሲመጣ መስታወቱን አዙሬ።

ትናንት ማታ፣ ሦስት ሰዓት አልፎ፣
አንዲት ሴት ከቀፊራ ገባች፣
ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ታቅፋ።
ደቻቱ ድልድይ ላይ
ጎማ የሚያንከባልል ልጅ ድንገት ቢቋረጠኝ፣
«ልብ በል!» ብዬ ጮኽኩ፣ መሪውን በመዳፌ መትቼ።
ከኋላ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ቲቸር?»

ኒዕማ ነበረች።
አንደኛ የምትወጣው፣
የሌሎቹን ወረቀት በሷ ወረቀት የማርመው፣
ዛሬ ባንክ፣ ከመስታወት ጀርባ የምትቀመጠው፣
የኔን የሦስት ወር በአንድ ወር የምትቀበለው፣
ሂሳቤ ውስጥ ያለውን ከሚስቴ ቀድማ የምታውቀው።

«ቲቸር፣ እባክዎ ለማንም እንዳይነግሩ፣
ልብስ እንደምሸጥ አለቆቼ ከሰሙ . . .»
አለችና ማዳበሪያውን ወደ ሆዷ ሳበችው።
ይህንን ልላት የነበረው እኔ ነበርኩ።
ቀደመችኝ። ድሮም እጇን ቀድማ ነበር የምታወጣው።

ሳቢያን ስንደርስ «ሂሳብ» አለች።
አልቀበልም አልኩ። መምህር ነኛ።
የታጠፈ ሁለት መቶ ወንበሩ ላይ ጥላ ወረደች።
አልተከተልኳትም። ሹፌር ነኛ።

አምስት ሰዓት ላይ ገቢ አስገባሁ።
አብዱረዛቅ በባትሪ እያበራ ቆጠረ፣
ላብ ያረሰረሳትን አንዷን ብር ለይቶ በጭኑ ላይ አደረቀ፣
ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፣ እጁ ወደ ኮፍያው ሄደ።
«መምህር፣» አለ፣ «ያ ልጄ፣ ፊዚክሱ እንዴት ነው?»

አራት ከሃያ።
ወረቀቱ ፌስታል ውስጥ ነበር፣ ጋዋኑ ኪስ፣ ገና ያልመለስኩለት።

ተንበርክኬ የፊቱን ጎማ ዳሰስኩ።
ጥርሱ አልቋል፣ ልሙጥ ነው፣ እንደ ሕፃን ድድ።
«ይኸውልህ አብዱረዛቅ፣» አልኩት፣ «ሰበቃ ማለት . . .»

ባትሪውን አቀረበልኝ።