ብረት ቦታ ሲያጣ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቦይለሩ ሲበራ፣
ከግድግዳው እግር ሥር፣ ከዞኮሎው ጋራ፣
አንድ ሰው የቆመ፣ በጥፍሩ የሚመታ፤
ቀጭ… ቀጭ… ትንሽ ዝም… ደግሞ ጓ! ባንዳፍታ።

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ካረጀ ሕንፃ ላይ፣
ሊፍቱ አፉን ከፍቶ፣ ከቆመበት በላይ፣
አራተኛ ፎቅ ነን። ነሐሴ ነው ወሩ፤
በቸርችል ቁልቁለት፣ ጎርፉ ከነአፈሩ።

የሩሐማ እንቅልፍ፣ ስስ ነው፣ ስልባቦት፣
የሦስት ወር ጨቅላ ናት፤ ይቀደዳል ድንገት።
እናቷ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ በክርኗ ትወጋኛለች፤
«ዛሬ ያንተ ተራ ነው» ትላለች፣ ትተኛለች።

እኔ ሁለት ክረምት፣ ቧንቧ መሆኑን መች አወቅኩ፤
ከታች ያሉትን ሴት፣ ወይዘሮ ፀዳለን ጠረጠርኩ።
መሰለኝ በመጥረጊያ ዘንግ፣ ኮርኒሱን የሚመቱ፣
«ያቺን ልጅ ዝም አስብሉ!» የሚሉን በየሌሊቱ።
በደረጃው ስንተላለፍ፣ ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤
መጀመሪያ «እንደምን አደሩ»፣
ቀጥሎ «እንደምን»፣
ኋላ አንገቴን ብቻ ሰበርኩ።
እሳቸውም ፌስታላቸውን፣ ወደ ግድግዳው ሰብሰብ፣
ዐይናቸው እታች ወርዶ፣ ደረጃ የሚያነብ።

በሦስተኛው ክረምት ነው፣ ጋሽ ኩምሳን ያመጣሁ፤
«ያራዳ ቧንቧ ሁሉ፣ ስሜን ያውቃል» ሲሉ ሰማሁ።
መሣሪያቸው በጆንያ፣ ካርቶን ከጉልበታቸው ሥር፣
ጆሯቸውን ከዞኮሎው፣ እንደ ንስሐ አባት ለምስጢር።
«አብራው» አሉኝ ቦይለሩን። ጠበቅን። ውሃው ሞቀ።
ከበሩ ጥግ ተነሣ፣ ቀጭ እያለ ወደ መስኮት ዘለቀ።

«አየህ» አሉ፣ «ይሄ ብረት፣ ሲሞቀው ይረዝማል፤
የጥፍር ያህል ነው እንጂ፣ ግን ቦታ ይፈልጋል።
ማነው እንዲህ ያነቀው፣ በማሰሪያ ጠፍሮ?
ሊራመድ ሲል ይይዘዋል፣ ሲለቀው ይጮሃል አምርሮ።»
«ታዲያ ምን ይደረግ?» ስል፣ «አሮጌ ቀበቶ የላችሁም?» አሉ፤
«የቆዳውን ስጡኝ፣ የፕላስቲኩን ጣሉ።»

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፣ የአባቴ ቀበቶ፣
ልጅነቴም ያውቀዋል፣ ጀርባዬን ነክቶ፤
በመጨረሻው ዓመት፣ ወገቡ ሲከሳበት፣
አራት አዲስ ቀዳዳ፣ በሚስማር የበሳበት።
ልስጥ? ልከልክል? ቆምኩ። ጋሽ ኩምሳ አላጣደፉኝ፤
«ሌላ ቆዳም ይሆናል» ብለው፣ መቀሱን አቀበሉኝ።
ቆረጥኩት። ሰባት ቦታ። ቀዳዳዎቹን ግን ለየሁ፤
ያቺን ቁራጭ፣ ለምን እንደሁ፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አቆየሁ።

ማሰሪያውን ግማሽ ዙር፣ በካቻቢቴ አላልተው፣
በብረትና ብረት መሀል፣ ቆዳውን አስተኝተው፣
«አጥብቀው ያሰሩት ነገር…» ብለው ጀመሩ ተረት፤
ስልካቸው ጠራና፣ ቀረ እንደተንጠለጠለበት።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቦይለሩ በራ። ዝም።
ብረቱ እየረዘመ ነው፤ ግን ለማንም አይናገርም።
ሩሐማ ተኛች። እናቷ ተኛች። እኔ ነቅቼ ቀረሁ፤
የለመድኩትን ጠላት ባጣ፣ ጣራ ጣራውን አየሁ።
ያን ጊዜ ነው ከወለሉ፣ ከእግሬ ሥር፣ የሰማሁት፤
ደረቅ፣ ረጅም ሳል፤ ለካ ቧንቧው ነበር የጋረደብኝ ሌት ሌት።
ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው። ሳሉ። ደገሙ። ሳሉ።
ከዚያ ውሃ ቀዱ መሰለኝ። ብርጭቆ ነካ። ዝም አሉ።

በማግስቱ ከደረጃው፣ እኔ ሳልጀምር ጀመሩ፤
«ልጄ፣ መዶሻውን ተዋችሁት?» ብለው ተናገሩ፤
«ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ሌሊት ሚስማር ስትመቱ፣
አልጋ ነው ቁም ሣጥን፣ የሚሠራው ከቤቱ?»
ስቄ ልመልስ ስል፣ ያው ሳሉ ያዛቸው፤
ፌስታላቸውን ተቀብዬ፣ እስከ በራቸው ሸኘኋቸው።

ጋሽ ኩምሳ ያልደረሱበት፣ አንድ ማሰሪያ ቀርቷል፤
ሊነጋ ሲል፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ አንዴ ቀጭ ይላል።
የምትበቃው ቁራጭ ቆዳ፣ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ናት፤
በጣቴ ቀዳዳዋን እቆጥራለሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።