አራት ነጥብ

በሰኔ ኤድመንተን ጀንበር ግትር እንግዳ፣
ሂጂ ቢሏት የማትሰማ፣
እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተቀምጣ በሜዳ።
እኔ ደግሞ ሌሊት ሠርቼ በጠዋት እመለሳለሁ፤
ሰው ቁልፉን ሲያነሳ፣ እኔ ቁልፌን አኖራለሁ።
መስኮቴን በፎይል ሸፍኛለሁ፤
ብርሃን ግን ሌባ ነው፣ በስንጥቅ ይገባል፤
ጎረቤቴም ይነሳና የሣር ማጨጃውን ያስጮኻል።

ያልሞከርኩት የለም።
ካሞሜል አፍልቻለሁ፣ ሜላቶኒን ውጫለሁ፤
በግ ቁጠሪ ቢሉኝ
ቆጥሬ፣ ሸጬ፣ ሒሳቡን ደምሬ ነቅቻለሁ።
ሐኪሙ "ስልክሽን አርቂው" አለኝ፤ አራቅሁት።
"ሐሳብሽንም" አለኝ፤
የት እንደማኖረው አጣሁት።

አንድ እሑድ ሽመክት ካርቶን ይዞ መጣ፣
ከውስጡ የተጠቀለለ ጃርት አወጣ።
አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ላዩ የፕላስቲክ እሾህ፣
ስድስት ሺህ ጫፍ ይላል ወረቀቱ፣ ማን ይቆጥራል ጎንበስ ብሎ?
"በጀርባሽ ትተኚበታለሽ" አለ፣ በጣቱ እንኳ ሳይነካው፤
"እሾህን በእሾህ አይደል?"
ተረት በሰው ጀርባ ላይ ሲሆን ምንኛ ቀላል ነው!

ተኛሁበት።
ዙሪያቸውን ጦር ተክለው የጸለዩ ጻድቅ አሉ፣ ሰምቻለሁ፤
እሳቸው ግን ቆመው ነው፤
እኔ ተጋድሜበታለሁ።
ጩኸቴን ሰምታ ልጄ ኤልዳና ከበሩ ብቅ አለች፣
አሻንጉሊቷን አምጥታ አጠገቤ አስተኛች፤
"እሷንም እንቅልፍ እምቢ ብሏታል" አለች።

አንድ ደቂቃ፦ እሳት።
ሦስት ደቂቃ፦ በርበሬ።
አምስት ደቂቃ፦ ከሽመክት ጋር የፍቺ ወሬ።
ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣
ሕመሙ እንደ ሰም ለሰለሰ፣ በጀርባዬ ፈሰሰ፤
ትከሻዬም ከጆሮዬ ሥር ወርዶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጆሮዬ ግን አልተኛም።
ሥጋዬ ሲለቅ ነው ያወቅሁት፦
የነቃው እሱ ብቻ ነው፣
ደወል ነው የሚጠብቀው።

ክፍል መቶ አሥራ ሰባት፣ ሽማግሌው ኮቫልቹክ፣
ልክ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደወላቸውን ይጫናሉ።
ውኃ ፈልገው አይደለም፣ ሽንት ቤትም አይደለም፤
"ሰው አለ?" ነው የሚሉኝ።
"አለ፤ ይተኙ" እላለሁ፤ ሌላ ነገር የለም።
ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስቤ እወጣለሁ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ።
እኔም ደስ አለኝ፣ "ዛሬስ ተኙልኝ" ብዬ፤
ቅጼን ሞላሁ ጫማዬን አውልቄ፣ ተደላድዬ።

ከዚያ ወዲህ
ማጨጃው ሲጮኽ አይደለም የምነቃው፤
ጎረቤቴ ሲያጠፋው ነው።

አሁን ስድስት ሺህ ጫፍ ከታች፣ ባንድ ላይ፣
"ሰው አለ?" "ሰው አለ?" ሲሉኝ ጀርባዬ ላይ፣
"አለ" አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፤
"አለሁ፤ ይተኙ።"
ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
አሻንጉሊቷ ክንዴ ሥር፣ ምራቄ ጉንጬ ላይ ደርቆ።
ነገ ልተኛ፣ አልተኛ፣ ምንጣፉ ቃል አልገባልኝም፤
ሽመክትም የደረሰኙን ወረቀት ገና አልጣለም።

ኤልዳና ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ትማራለች፤
ሸሚዜን ከኋላ ገልጣ
ጀርባዬን በጣቷ ታነባለች፦
"እዚህ ሁለት ነጥብ። እዚህም ሁለት ነጥብ።
እዚህም። ማሚ፣ ቃሎቹን ማን በላቸው?"
ዝም አልኳት።
ጣቷ ወጣ፣ ወጣ፣ አንገቴ ሥር ቆመ።
ትንሽ አሰበች።
"እዚህ ጋ" አለች፣ "አራት ነጥብ።"