ላብ የጻፈው

ትሬጋሮን ላይ ዝናብ ሰው አያስፈቅድም፣
ከሰኔ እስከ ሰኔ ቆርቆሮው አያርፍም።
ከወተት ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ጋጣ እገባለሁ ጎረቤት ሳይነቃ።
ሦስት ፈረስ አሉኝ፤ ኮርቻዬ ግን አንድ፣
ያውም ያገለገለ፣ በሰማንያ ፓውንድ፤
ቆዳ ያልነካካው የፋብሪካ ውጤት፣
ጭቃው የሚለቅቅ በአንድ ባልዲ እጥበት።
ፕሮሰር ጎረቤቴ አጥር ተደግፎ፣
«የመኪና ወንበር!» ይላል፣ ሳቁን አትረፍርፎ።
ይበል።
«ቆዳ ግዢ፣ ግዢ» ማለት ለማን ይከብዳል፣
አንዲት ሳንቲም ሊያግዝ ማን እጁን ይዘረጋል?

ቆዳውማ አለ፤ የአያቴ። ከግድግዳ ሚስማር
እንደ ጳጳስ ካባ ተሰቅሎ የሚኖር፣
ስፌቱ የእጅ ሥራ፣ ጠረኑ ሰምና ማር።
ስድስት ዓመት ሙሉ ሴረንን በሱ ጫንኳት፤
ጆሮዋን ስታጥፍ፣ ስትናከስ፣ «ክፉ» ብዬ ሰደብኳት።
አንድ ጠዋት ሳበጥራት፣ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ
የሁለት ጣት ስፋት ነጭ ፀጉር አፍጥጦ አየኝ።
ሽበት አይደለም።
ኮርቻ ጫንኩ ብዬ
ጫና ነበር የጫንኩት።

ከዚያ ወዲህ በሽቦ ነው የምጠይቃቸው፤
ትከሻቸው ላይ አጥፌ፣ አንስቼ፣ በካርቶን ስሥላቸው
ማንም ማንን አይመስልም።
የሴረን መሐሏ ሰርጉዷል እንደ አሮጌ አልጋ፤
ከእሽቅድምድም የተባረረው ፔንድራም
አጥንቱ እንደ ጣሪያ የሾለ፣ ሥጋ ያልተጠጋ።
አራት ብሎን እፈታለሁ፣ የፊቱን ብረት ልቀይር፤
ጥቁሩ ለጠባብ ነው፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ።
ሁለት ጣት ከሥሩ አስገባለሁ፣
ከኋላ አጎንብሼ አያለሁ፦
በዋሻው ጫፍ ብርሃን አለ?
አለ።

ለባራ ግን አልሆነም። ስሙ በዌልሽ «ዳቦ» ነው፤
ቀዩ፣ ሰፊው ብረት እንኳ ትከሻውን ጠበበው።
ተውኩት። ልጄ ካሪስ ያለ ምንም ትወጣበታለች፣
ጋማውን ጨብጣ፣ በሆዱ ስፋት እየሳቀች።

ዛሬ ሴረንን ኮረብታ አውጥቼ መለስኳት፤
ኮርቻውን አንስቼ ላቧን አነበብኩላት፦
ግራውም ቀኙም እኩል የራሰ፤ የደረቀ ቦታ፣
የሚከሰኝ ነጥብ፣ የለም ዛሬ ማታ።
ነጩ ፀጉር ግን በዳማው መሐል ነጭ ነው። አይጠቁርም።

ፕሮሰር አጥሩ ጋ ነበር። አልሳቀም።
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ ገዛ ፈረሱ ዞር ብሎ፦
«ያ ሽቦሽ...» አለ፣ «ለአንድ ቀን...»
አቀበልኩት። የሴረንን ትከሻ እንደያዘ ነበር።
«መጀመሪያ አቅናው» አልኩት።