ለብ ያለ ነፋስ

ሐምሌ ነው፣ ላሪሳ፤ እኩለ ቀን አለፈ፤
አስፋልቱ ለስልሶ ጎማዬን አቀፈ።
ከኋላ ሐብሐብ ነው፣ መቶ ሰባ ፍሬ፤
ከፊት እኔ ብቻ፣ በላቤ ተነክሬ።
የኤሲውን ቁልፍ አዞርኩት እስከ መጨረሻ፤
ጩኸቱ የአውሎ ነፋስ፣ ትንፋሹ የውሻ፤
ለብ ያለ፣ የደከመ፣ የበሽተኛ እፍታ፤
ሾርባ ያበርድ ይሆናል፣ ቀስ እያለ ለማታ።

ፒክአፗን የሸጠችልኝ የቲርናቮስ ባልቴት፣
ስታማቲያ፣ ቁልፉን ይዛ ቆመች ጥቂት፤
"የሌፍቴሪስ ነበረች። ጥሩ ናት። ትሄዳለች።"
ሌላ አልጨመረችም፤ በሩን ዘጋች።
ያገለገለ ዕቃ ከነአመሉ ነው የሚገዛ፤
ከወንበሩ ጀርባ ሹራብ አገኘሁ፣ የሱፍ፣ አንገቱ የወዛ።
በሐምሌ ሹራብ! ሳቅሁና ጨርቅ አደረግሁት፣
የሞተር ዘይት ስለካ ዘንጉን ጠረግሁበት።

መጀመሪያ ማጣሪያው። የዳሽቦርዱን ኪስ ፈታሁ፤
የጥጥ ብናኝ፣ የንብ ክንፍ፣ የደረቀ ቅጠል አወጣሁ።
አራግፌ መለስኩት፤ ነፋሱ በረታ፣
ብርዱ ግን እንደሆነ ቀረ የውሃ ሽታ።
ከፊት፣ ከራዲያተሩ ደጅ፣ ገለባና ቢራቢሮ
ተለጥፎ ነበር፣ የዓመት ሙሉ ቋጥሮ፤
በቀስታ አጠብኩት። ማራገቢያው ይዞራል፤ ቀበቶው አልላላ።
ምንድን ነው እንግዲህ? ምን ቀረ ሌላ?
"ጋዝ ነው የጎደላት!" አለኝ አንዱ፣ ሐብሐብ እያንኳኳ፤
ሁሉም መካኒክ ነው፣ የሰው መኪና ሲነካካ።

ቫንጌሊስ ግን አይቸኩልም።
ከፒንዮስ ወንዝ ዳር፣ ከጋራዡ በራፍ ላይ
ሁለት ጌጅ ሰካባት፣ ቀይና ሰማያዊ።
ኮምፕረሰሩ "ቀጭ" አለ፤ ያዘ።
"ጋዟ ልክ ነው።"
እጄን ይዞ ወፍራሙን ቱቦ አስነካኝ፤
በዚያ ሐሩር መሀል ቱቦው በረዶ ነው፤ አልቦት ይንጠባጠባል።
"ብርዱ ይኸው፣ እዚህ አለ፤
የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው።"

ቴርሞሜትሩን ከአየር ማውጫው ሰካ፤ አስራ ዘጠኝ።
ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ከዳሽቦርዱ ስር ገባ፤
እግሩ ብቻ ደጅ ቀረ።
ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ።
"ነይ እዪ።"

ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያማክል ክዳን አለ፣
ትንሽ፣ የመዳፍ ያህል፤
እሱ በመዳብ ሽቦ ታስሯል፣ ግማሽ ላይ፤
ሦስት ጊዜ ተጠምዞ፣
ጫፉ ጣት እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፎ።
"ይሄ የፋብሪካ አይደለም፤ የመካኒክም አይደለም።
ይሄ የበረደው ሰው ሥራ ነው።"

ደወልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ዝም።
"መድኃኒቱ አጥንቱ ገብቶ ነሐሴ እንኳ አይሞቀውም፤
እኔ ደግሞ ወፍራም ነኝ፣ ያለ ነፋስ አልችልም።
ልዝጋው ስለው እምቢ፤ ልክፈተው ሲለኝ እኔ እምቢ።
አንድ ማለዳ ሽቦ ይዞ ገባ፤
ሲወጣ ጉልበቱን አራግፎ፣ 'በቃ ታረቅን፣' አለኝ፤
'ለኔም አይበርድ፣ ላንቺም አይሞቅ።'
ሁለት በጋ እንደዚያ ነዳን።"
ጥቂት ቆይታ፣
"ፍቺው እንግዲህ፣" አለች።

ቫንጌሊስ ፒንሳ ሲያነሳ "ተው" አልኩት፤
ሦስቱን ጥምዝ በጣቴ፣ አንድ በአንድ ፈታሁት።
ክዳኑ "ጠቅ" ብሎ ወደቀ።
አስራ ዘጠኝ። አስራ ሦስት። ሰባት።
ሂሳቡን ብጠይቀው አንድ ሐብሐብ አቅፎ ገባ።

የቮሎስን መንገድ ይዤ፣ ፀሐይ ስታዘነብል፣
ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝ፤ ደስ ይላል፤ ደግሞ ቅር ይላል።
ሳላስበው እጄ ወደ ወንበሩ ጀርባ ሄደ፣
ሹራቡን ጎተተ፤
ዘይቱ በክርኔ ወረደ።