የዓለም ገና ወለባ

አርብ ማታ ከጅማ አይሱዙው ሲገባ፣
ወንድሜ በዳሳ፣ የመኪናው ረዳት፣
ሳይታጠብ፣ ሳይበላ፣ ከደጅ ይጠራኛል፤
«ነይ፣ መጥተውልሻል።»
እንግዳ ያመጣ ይመስላል።

ፍርግርጉን ፈትቶ፣ ባትሪውን አብርቶ፣
ያሳየኛል ሬሳው በሬሳ ላይ ተኝቶ፤
የጊቤ በረሃው ቢጫ፣ የሰኮሩው ነጭ፣
ጥቁሩ፣ ባለ ሰማያዊ ጠብታው፣ ስሙን የማላውቀው።
ዝንብም አለበት፣ አንበጣም፣ ጭቃም።
በወረንጦ ነው የምለቅመው፣
እናቴ ከእግሬ እሾህ ባወጣችበት ወረንጦ።

እኔ አልገደልኳቸውም። መንገድ ነው የገደለ።
ይህን ለገዢ ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ።
ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ግን
መስኮቴ ላይ የተሰጣውን ክንፍ አይታ
«ይኼ ለዛር ነው?» ብላኝ
ልጇን ሳምንት ሙሉ ከደጄ ከለከለች።

የተቃጠለ ዲናሞ ከጋራዥ እገዛለሁ፣ በኪሎ፤
ሆዱ ውስጥ የመዳብ ፀጉር አለው፣ ተጠቅልሎ።
እፈታዋለሁ፣ እገምደዋለሁ፣ ሐረግ ይሆናል፣
ቅጠል ያወጣል፣ ጨሌው ጤዛ ይሆንለታል፤
ከዚያ ክንፉን፣ ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም
ሁለቴ ቀብቼ፣ ትንፋሼን ውጬ አሳርፈዋለሁ።
ትንፋሽ ጠላቱ ነው።
አንዴ ሳቅ አምልጦኝ
የወር ልፋቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ችግሩ ጥንድ ነው።
መንገድ ጥንድ አያውቅም፤
ግራውን ሰባብሮ ቀኙን ይሰጠኛል።
ስለዚህ እድራለሁ፤
ጥቅምት የሞተችውን ግራ
የካቲት ከሞተችው ቀኝ ጋር።
እንዲህ ያለች ቢራቢሮ በሰማይ በርራ አታውቅም፤
ሀገሯ የሰው ፀጉር ነው።

ያኔት የምትባል ሙሽራ ከለቡ መጣች።
ስልኳን ዘርግታ «እንደዚች አድርጊኝ» አለች፤
ጆሮዋ የሾለ የተረት ልጅ፣ ጫካ ውስጥ የቆመች፣
ግንባሯ ላይ ክንፍ የበቀለባት።
ዘጠኝ ሌሊት ፈጀብኝ፣ ሦስቱ በሻማ።
ራሷ ላይ ሳኖረው ዝም አለች፤
መስታወቱም ዝም አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ይዛው ተመለሰች።
«ዝናብ መታኝ፣ ቀለሙ ለቀቀ።» ሳትቆጣ።
ጠርዙ ላይ ነው፤ ሳልቀባው የዘለልኩት ስንጥቅ ነበር፣
አውቀዋለሁ፣ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ለታ።
ግማሽ ብሯን ቆጥሬ ሰጠኋት።
በሩ ጋ ዞር ብላ፣ «ፎቶው ላይ ግን ያምራል» አለችኝ።

ስትሄድ ወደ ብርሃን አነሳሁት።
ለካ ቀለም የምለው አቧራ ኖሯል፤
አቧራው ሄደ እንጂ ክንፉ አልሄደም።
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ጥርት ብሎ
ሥሩ ይታያል፤
ከአንድ ቦታ የሚነሳ፣ ሲሄድ የሚከፈል፣
ሲከፈል የሚቀጥን፣ ጠርዝ ላይ የሚያልቅ።
ይህን አልሸጥም አልኩ። ፀጉሬ ላይ ሰካሁት።

አርብ ማታ በዳሳ መጣ።
«ዛሬ ባዶ ነው፣ ክረምቱ ቀደመ» አለኝ፣
ባትሪውን ወደ ፊቴ እያዞረ።
«ምንድን ነው እሱ፣ ራስሽ ላይ?»
«መንገድህ ነው።»
አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አየው፣
የወሊሶን መታጠፊያ የሚፈልግ ይመስል።
ሊነካው ጣቱን ሰነዘረና
መልሶ፣ ዘይቱን
ሱሪው ላይ ጠረገ።