ወለል

ከመስታወቱ ኋላ፣ ከላይ ተቀምጬ፣
የማውቀውን ወለል አየሁት አፍጥጬ።
ሃያ ሁለት ዓመት በባልዲ በጨርቄ፣
እያንዳንዱን ንጣፍ በጉልበቴ አውቄ፤
ከማን ወንበር በታች ብስኩት እንደሚረግፍ፣
ማን ማስቲካውን ከጠረጴዛው ሥር እንደሚለጥፍ፣
ከጋዜጠኛ ሁሉ በፊት የማውቅ እኔ ነኝ፤
ዛሬ «እንግዳ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ።

ኦስናት ጀንበሩ ተነሣች።
ሦስት ደቂቃ ነው የሰጧት፤ ሰዓቱ በቀይ ይቆጥራል።
የክኔሴት ግማሹ ባዶ ነው፤ ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል።
ከገዛ ወገኗ እንኳ ሰባት ሰው ነው ያለው፣
አንዱም ሳንድዊቹን ከሰነድ ሥር ደብቆ የሚበላው።
ዕብራይስጧ ይፈጥንብኛል፤ ምስር ከጠጠር እንደሚለይ ሰው
ቃል ቃሉን እለቅማለሁ፤ የቀረውን ከፊቷ ላይ ነው የማነበው።

«በየዘጠኝ ወሩ» አለች «ተቋራጩ ስሙን ለወጠ፤
ሴትዮዋ ግን ያችው ናት፤ ባልዲዋም አልተለወጠ።
በዘጠኝ ወር ሰው ይወለዳል፤
የሷ መብት ግን በዘጠኝ ወሩ ይጨነግፋል።
ሃያ ሁለት ዓመት ስትጀምር ኖራ፣ አንድም ቀን ሳትቀጥል፣
ጡረታዋ ለክረምት ማሞቂያ እንኳ አይበቃም ብል
ከናንተ ማን ነው ቀና የሚል?

ከራሃት እስከ ቂርያት ጋት የማታ ክሊኒክ ዘግታችሁ፣
የመጨረሻውን አውቶቡስ ከመንገዱ አንሥታችሁ፣
ልቡ የደከመ ሽማግሌ ታክሲ ይጥራ ትላላችሁ።
ከመድኃኒቱና ከታክሲው የቱን ይተው?
እስቲ ምረጡለት፤ መመረጥማ የለመዳችሁት ነው።»

«ተቀመጪ!» አላት አንዱ፣ ክራባቱን እያላላ።
«ጌታዬ፣ እናንተ ስትቀመጡ ነው ሰው ቆሞ የቀረው።»
ተቃዋሚ ሲሏት ስሰማ፣ ነገር ፈላጊ ትመስለኝ ነበር፤
ለካስ መቆም አለ ከቃሉ ሥር።

ስሜን ግን አልጠራችውም።
«ሴትዮዋ» አለች። ባንቻየሁ ማለት ለምላሷ አይከብድም፤
አባቷ ጀንበሩ ነው፣ ያገሬ ሰው።
ምናልባት ልትጠብቀኝ ነው። ምናልባትም ለንግግር
ስም የሌላት ሴት ትሻላለች፤ ብዙ መሆን ትችላለች።

ሰሌዳው በራ፦ አርባ አንድ አረንጓዴ፣ ሃምሳ ሁለት ቀይ።
ወደቀ።
ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ፣ ከሃዴራ የመጡት ዚግሙንድ፣
«ኑ፣ ምን ጠበቅሽ?» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።
የወደቀ ነገር ማንሣት ሥራዬ ነበር፤
ይሄን ግን በየት በኩል ልያዘው?

ድምፄን ሰጥቻት ነበር። ባንድ ዝናባም ማክሰኞ
የፓርቲዋን ፊደል ከወረቀቶቹ መሃል ለይቼ፣
ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣
እንደ እድር መዋጮ ሰጥቼ ረስቼ።
ዛሬ ስትጮህ ነው የሰማሁት፤
የኔው ነበር፤ ባማርኛ ያፈርኩት፣ በዕብራይስጥ ያልቻልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ሲጋራ ሲጋራ እየሸተተች አቀፈችኝ።
«እማ፣ እንደገና አቀርበዋለሁ፤ እምልልሻለሁ» አለችኝ።
ስልኳ ጮኸ።

እዚያው ጥግ፣ «ሱሃድ» የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ
ወለሉን ታጥባለች።
«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አልኳት።
መጥረጊያውን ብብቷ ሥር ወትፋ ሰባት ጣት አሳየችኝ።

እርጥቡን ላለመርገጥ ግድግዳውን ታክኬ አለፍኩ፤ የቆየ ልማድ ነው።
ኦስናት ግን ስልኳ ላይ እየተከራከረች፣
ስለ ጡረታ፣ ስለኛ፣
መሃል ለመሃል ሄደች።
በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዞር አለች።
ወለሉ ወለል ብሎ
ዱካዋን አንድ በአንድ ያሳያት ነበር።